ለቮልስ በር ሀርድቦርድ ይሻላል ወይስ ፕላስቲክ?

ሰላም ወንድሜ። የቮልስህ (የ1967 እ.ኤ.አ. ሞዴል) የበር ልባስ (በሩን ከውስጥ የሚሸፍነው ሰሌዳ) ከታች አብጦ ተልጧል። አናጢው ኤምዲኤፍ (የእንጨት ብናኝ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ)፣ ወንበር ሰፊው ደግሞ ፕላስቲክ አድርገው ብለውሃል፤ የቱን ልስማ ነው ጥያቄህ። የራሴንም የጓደኞቼንም ቮልስ በሮች ስፈታና ስገጥም ብዙ ስለቆየሁ ያየሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ ግን ውሃውን እንይ። ቮልስ በሩ ውስጥ ውሃ መግባቱ ብልሽት አይደለም። ዝናቡ በመስታወቱ ጎን ይወርዳል፣ ከበሩ ግርጌ ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ልባሱን ከዚህ ውሃ የሚጠብቀው ከጀርባው ብረቱ ላይ የሚለጠፈው መከላከያ ነው። እዚህ አገር ባየኋቸው አብዛኞቹ ቮልሶች ላይ ግን ይሄ የለም። የመስታወት ማውረጃውን ሊጠግን የፈታ መካኒክ ይቀደዋል፣ መልሶ አይለጥፈውም። ከዚያ አንድ ክረምት ይበቃዋል። ስለዚህ ምንም ነገር ከመግዛትህ በፊት የግርጌ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ጥረግ። ዝገት ካለ አጽዳና አንቲረስት ቀባው። ከዚያ ወፍራም ላስቲክ ዙሪያውን አጥብቀህ ለጥፍ። የላስቲኩ የታችኛው ጫፍ ወደ በሩ ውስጥ ይግባ፤ ጠብታው ወደ ልባሱ ሳይሆን ወደ ቀዳዳዎቹ እንዲሄድ።

አሁን ወደ ቁሱ። ኤምዲኤፍን እርሳው። ጠርዙ ውሃ እንደ ስፖንጅ ነው የሚጠጣው፤ አንዴ ካበጠ ደግሞ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ቺፑድም ያው ነው። ኮምፔልሳቶ ጠንካራ ነው፤ ግን ርካሹ በእርጥበት ንብርብሩ ይላቀቃል፣ የበሩን ቅርጽ ተከትሎ መተኛትም እምቢ ይላል።

ፕላስቲኩ፣ ኤቢኤስ የሚባለው፣ ውሃ አይነካውም። ወንበር ሰፊህ በዚህ ልክ ነው። ችግሩ ሙጫው ላይ ነው። ማስቲሽ ውስጥ ያለው ማሟሟያ አንዳንዱን ፕላስቲክ ይበላዋል፤ ፕላስቲኩ በአሸዋ ወረቀት ካልተፋቀ ደግሞ ከላዩ የሚለጠፈው ቆዳ ይላቀቃል። ፀሐይ ላይ የሚውል መኪና ከሆነ ስስ ፕላስቲክ ይቆለመማል። ጥሩ ኤቢኤስ ካገኘህ፣ መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክረህ ሥራው፤ አልቃወምህም።

የእኔ ምርጫ ግን 3 ሚሊ ሜትር ሀርድቦርድ ነው። የፋብሪካውም ከዚሁ ዘር ነው፤ የተጨመቀ የእንጨት ቃጫ። ከዚህ አትወፍረው። ልባሱን ከበሩ ብረት ጋር የሚይዙት ክሊፖች የተሠሩት ለስስ ሰሌዳ ነው፣ ሲወፍር አይነክሱም፤ የመስታወት ማዞሪያውም ዘንጉ ያጥረዋል። የክሊፕ ቀዳዳዎቹን ጨምረህ ሁሉንም ቆርጠህ ስትጨርስ ሁለቱንም ፊት ቫርኒሽ ቀባው። ጠርዞቹንና የቀዳዳዎቹን ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገም፤ ውሃ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘልና ሀርድቦርድ አይረባም ይላል።

ልኩን ካበጠው አሮጌ ልባስ አትውሰድ። ካርቶን በሩ ላይ አስደግፈህ ከብረቱ ቀዳዳዎች ውሰድ። አንዱን ከጨረስክ ገልብጠህ ሌላኛው በር ላይ ሞክረው፤ መኪናው ተጋጭቶ የተጠገነ ከሆነ ሁለቱ በሮች ላይገጥሙ ይችላሉ።

ለላዩ ሰው ሠራሽ ቆዳ ይበቃል። ጀርባው ሹራብ መሰል ጨርቅ ያለውን ምረጥ፤ ማዕዘን ላይ ሳይጨማደድ ይለጠጣል። እውነተኛ ቆዳ ወጪው ለቮልስ አይገባም፤ ጠርዙ ላይ ሲታጠፍም ይወፍራል። ከሥር ስፖንጅ ካማረህ ስስ ይሁን፣ ውሃ የማይመጠው ዓይነት። ማስቲሹን ሁለቱም ላይ ቀብተህ እጅህ ላይ መጣበቅ ሲያቆም ብቻ አገናኝ። ቀለሙን በተመለከተ፣ ጥቁር ፀሐይ ላይ በጣም ይግላል፤ ግለቱ ደግሞ ሙጫውን ያላላል። ነጣ ያለ ግራጫ ወይም ክሬም ለዚህ መኪና ያምርበታል።

በመጨረሻ ክሊፕ። ሶማሌ ተራ ሄደህ ከሌላ መኪና የተረፈ አትግዛ፤ ቀዳዳው ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ በሩ ይንኳኳል። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ሲመረት ስለነበር ትክክለኛው ክሊፕ ውጭ አገር አሁንም አዲስ ይሸጣል። ጀርመን ወይም አሜሪካ ዘመድ ካለህ ከነትንንሽ ጎማዎቹ ያምጣልህ፤ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይይዝም። ጎማዎቹን እንዳትረሳ፤ የክሊፑን ቀዳዳ ከውሃ የሚዘጉት እነሱ ናቸው።