መልስ፦ የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድ የመጀመሪያ አልበም አልገባኝም፤ ከየትኛው ልጀምር?

እ.ኤ.አ. በ1975 ከወጣው «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» ጀምር። የ1967ቱ የመጀመሪያው አልበም ግራ ቢያጋባህ አይገርምም፤ በአብዛኛው የያኔው ዘፋኝና ዘፈን ደራሲ የሲድ ባሬት ዓለም ነው፤ እሱ ደግሞ በ1968 ከባንዱ ወጥቷል።

«ዊሽ ዩ ዌር ሂር» አምስት ትራክ ብቻ ነው። የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን ሲጀምር የሬዲዮ ጣቢያ ሲቀያየር ይሰማል። ቀጥሎ ከሬዲዮው የሚወጣ የሚመስል ቀጭን ጊታር ይመጣል። ከዚያ ሌላ ጊታር፣ ተጫዋቹ አጠገብህ የተቀመጠ ያህል፣ ጥርት ብሎ ይገባል። እኔን የያዘኝ እዚያ ላይ ነው።

ቀጥለህ የ1973ቱን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ስማ። «ዘ ዎል»ን ለጊዜው ተወው። ድርብ አልበም ነው፤ ለእኔ ግማሹ ይበቃ ነበር (አድናቂዎቹ ይቅር ይበሉኝ)።

አደራ፣ ሸፍሉን (ዘፈኖችን ቅደም ተከተል አቀላቅሎ የሚያጫውተውን) አጥፋ። የ1973ቱ ዘፈኖች እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ ተቀላቅለው ሲመጡ መሃል ላይ ቁርጥ ይላሉ፤ ጥፋቱ የባንዱ ይመስልሃል።