ቤት ውስጥ ድምፅ ለመቅዳት የትኛው ኮምፒውተር? የማክሰኞ ማታ ጥያቄና መልስ

እሺ፣ ቃል በገባሁት መሠረት ቁጭ ብያለሁ። አዲስ ለገባችሁ፦ የማስታወቂያ ድምፅና የመጽሐፍ ትረካ እቀዳለሁ፣ አርማለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ዋጋ አትጠይቁኝ። ብሩ ሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጠዋት የሰማሁት ዋጋ ከሰዓት አይገኝም። «የቱ ይሻላል?» ብቻ ብላችሁም አትጠይቁ። ምን እንደምትቀዱ፣ ምን ዓይነት ክፍል ውስጥ እንደምትቀዱ፣ በእጃችሁ ምን እንዳለ ጻፉልኝ።

ከሐዋሳ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ለቮይስ ኦቨር የትኛው ላፕቶፕ ይሻላል?

መልስ፦ ተናግሬ ሳልጨርስ! ክፍልህን ንገረኝና ተመለስ።

ከአዳማ፦ ለዩቲዩብ ትረካ እቀዳለሁ፤ ብቻዬን፣ በአንድ ማይክ። ያገለገለ ላፕቶፕ አግኝቻለሁ፦ ኮር አይ5 ስምንተኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ራም። ሻጩ ግን «ለድምፅ ሥራ 32 ጊጋ ራምና ግራፊክስ ካርድ ያለው ነው የሚያስፈልግሽ» ብሎ ወደ ሌላ ሊወስደኝ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲህ ነው ጥያቄ። ሻጩ ሊሸጥልሽ የፈለገው የጌም ማሽን ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ማይክ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት (የተለመደ የቅጂ ጥራት ነው) ስትቀጂ ኮምፒውተሩ በሰከንድ የሚጽፈው 144,000 ባይት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ብታወሪ 518 ሜጋባይት አካባቢ። ይህን አሮጌ ማሽንም አይከብደውም። ራም የሚበላው ብዙ መሣሪያ እየደራረበ ሙዚቃ የሚያቀናብር ሰው ነው፤ ለአንድ ድምፅ 8 ጊጋ ይበቃል፣ 16 ከሆነ እሰየው። ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ከነሙቀቱ ነው የሚመጣው። ሙቀት ማራገቢያ ያስነሣል፣ ማራገቢያው ማይክሽ ውስጥ ይገባል። ገንዘብ ከፍለሽ ጫጫታ ገዛሽ ማለት ነው።

የፕሮሰሰሩን ስም መጨረሻ እዪ። በዚያ ትውልድ «ዩ» የሚል ፊደል ካለው በአብዛኛው በ15 ዋት የሚሠራ ነው፤ «ኤች» ካለው 45 ዋት ነው፣ ቶሎ ይግላል። ስምንተኛ ትውልድ መሆኑ በጎ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11ን ደግሞ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ሰባተኛውን በርካሽ ቢሰጡሽ አትቸኩይ። ኤስኤስዲ ይኑረው፤ አሮጌው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ራሱ ይንጫጫል።

ሱቁ ውስጥ ደግሞ ይህን አድርጊ፦ ብዙ ቪዲዮ በአንድ ጊዜ ክፈቺና አሥር ደቂቃ ጠብቂ። ከዚያ ጆሮሽን አስጠጊ። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ማክቡክ ኤር ኤም1፣ ባለ 8 ጊጋ አለኝ። ልቀይረው?

መልስ፦ ማራገቢያ የሌለው ማሽን ይዘህ? አትቀይር። ቀጣይ።

ከዱባይ፦ ይኸው ጋሼም መሰከሩ! ለድምፅ ከማክ ሌላ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ከጀሞ፦ አንተ ዱባይ ሆነህ እንዲህ ትላለህ። እዚህ ማዘርቦርዱ ቢቃጠል ማን ይሠራልሃል? ራሙም ስቶሬጁም ተበይዶ ነው የሚመጣው። የኔን ሌኖቮ ራሙን ቤቴ ቁጭ ብዬ በካቻቢቴ ቀይሬዋለሁ።

ከዱባይ፦ የኔ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ተከፍቶ አያውቅም እኮ!

ከጀሞ፦ የአንተ ቤት መብራት እንደኛ ሠፈር ሲመጣና ሲሄድ አላየም።

መልስ፦ ይብቃችሁ። ሁለቱም ይቀዳሉ። ልዩነቱ ማክ የድምፅ ሥርዓቱን ከራሱ ጋር ይዞ ስለሚመጣ ብዙም አያስቸግርም። ዊንዶውስ ላይ ግን ለሳውንድ ካርዱ፣ ማይኩ ተሰክቶበት በዩኤስቢ ከኮምፒውተሩ ጋር ለሚገናኘው ሳጥን ማለቴ ነው፣ ከፋብሪካው የወጣለትን አሲዮ ድራይቨር (ድምፁን ሳይዘገይ የሚያስገባ ፕሮግራም) ጫኑለት። በዊንዶውሱ ብቻ እየቀዳችሁ «ይዘገያል» አትበሉኝ።

ከባሕር ዳር፦ ስቀዳ ከበስተኋላ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ አለ። የላፕቶፑን ቻርጀር ስነቅለው ይጠፋል። ማይኩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ መልሱን ራስህ ተናግረኸው ማይኩን ትከስሳለህ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ወፍራም «ህምምም» ከሰማህ 50 እና 100 ኸርዝ ላይ የተቀመጠው እሱ ነው። ቀጭን «ዝዝዝ» ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከቻርጀሩ የሚወጣ ነው፤ በዩኤስቢ ገመዱ አድርጎ ሳውንድ ካርድህ ውስጥ ይገባል። የቤቱ ሶኬት የምድር ሽቦ ከሌለው ደግሞ ይብሳል፤ ብዙ ቤት ቀዳዳው አለ እንጂ ሽቦው ከኋላ አልታሰረም።

መፍትሔው ነቅሎ በባትሪ መቅዳት ነው። ለዚህ ነው ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ከፕሮሰሰሩ በፊት ባትሪውን እዩ የምለው። ሁለት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው ማሽን ጩኸቱንም ይገላግላችኋል፣ ምዕራፍ መሐል ላይ መብራት ቢሄድም መቅዳቱን ይቀጥላል። ዴስክቶፕ ያላችሁ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ግዙ፣ ግን ዩፒኤሱም ስለሚያጉረመርም ከክፍሉ ውጭ አስቀምጡት። መብራት ከሄደ ደግሞ ሁሉንም ከሶኬት ንቀሉ። ዕቃ የሚቃጠለው ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው።

ከድሬዳዋ፦ እኔ የቻርጀሩን የምድር እግር በፒንሳ ቆርጬ ነው የገላገልኩት። ይሠራል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ሰምቶ ማንም እንዳይሞክር! ያ እግር ያለው ዕቃው ውስጥ ብልሽት ሲፈጠር አንተን እንዳይዝህ ነው። አፍህን ብረት ማይክ ላይ አስጠግተህ እኮ ነው የምትቀዳው። በባትሪ ቅዳ አልኩ።

ከመቀሌ፦ ለቮይስ ኦቨር 8 ጊጋ ራም ይበቃል?

መልስ፦ ከፍ ብለህ አንብብ።

ከጎንደር፦ ክፍሌን በእንቁላል ካርቶን ለብጬዋለሁ፤ አሁንም ድምፄ ባዶ በርሜል ውስጥ ያለ ይመስላል። ኮምፒውተሩ ይሆን?

መልስ፦ ኮምፒውተርህ ምን በደለህ? ካርቶኑ ቀጭን ነው። ከላይኛው ቀጭን ድምፅ ጥቂቱን ይሰብራል፣ በርሜል የሚያስመስለውን የወንድ ድምፅ ወፍራም ክፍል ግን ምንም አያደርገውም። በዚያ ላይ እሳት ቢነሣ ቤቱን ሙሉ ክብሪት አድርገኸዋል።

ከጅማ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ ቤት ግን ሠርቷል። ድሮ ያስተጋባ ነበር፣ አሁን የለም።

መልስ፦ ካርቶኑን ስትለጥፍ ሌላ ምን አስገባህ?

ከጅማ፦ አልጋና ምንጣፍ።

መልስ፦ በል እንግዲህ።

ድምፅ የሚውጠው ከባድና ለስላሳ ነገር ነው። ፍራሽ ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጎ መስቀል፣ ጋቢ ሁለት እጥፍ፣ ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን። ክፍሉ መሐል ቁሙና አጨብጭቡ፤ «ጭው» ብሎ ከተመለሰ ገና ነው። ጋቢው ከውስጥ የሚያስተጋባውን ይውጣል እንጂ ከውጭ የሚመጣውን አያግድም፤ እነዚህን ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው በየሳምንቱ አጋጥሞኛል። ኮንዶሚኒየም ላይ የጎረቤት ሙቀጫና ዘነዘና በጋቢ አይቆምም። ከውጭ የሚመጣውን የሚያሸንፈው ሰዓት ነው። እኔ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት እቀዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቅዳሴውም አዛኑም ይጀምራል፣ ውሾቹም የየራሳቸው ጉባኤ አላቸው።

ከማይኩ አንድ ስንዝር ራቁ። ሁለት ስንዝር ስትሆኑ ድምፃችሁ 6 ዲሲቤል ይወርዳል፤ የክፍሉ ጫጫታ ግን እዚያው ነው። ጌይኑን፣ ማለት የማይኩን ማጉያ፣ ስትጨምሩ ጫጫታውን ጨመራችሁ።

ከቤሩት፦ ማይክስ? ኮንደንሰር ወይስ ዳይናሚክ?

መልስ፦ ጫጫታ ክፍል ዳይናሚክ (ቅርቡን የሚሰማው)፣ ጸጥተኛ ክፍል ኮንደንሰር (ረቂቁን ሁሉ የሚሰማው)። ኮንደንሰር ከሆነ ሳውንድ ካርዱ ለማይኩ የሚልከውን 48 ቮልት ማብራት አትርሺ፤ «ማይኬ ሞተ» የሚል ሁሉ ያቺን ቁልፍ ያልነካ ነው። ሹር ኤስኤም7ቢ በፎቶ አይታችሁ የምትመኙት ደግሞ 60 ዲሲቤል አካባቢ ጌይን ይፈልጋል፤ ርካሽ ሳውንድ ካርድ ላይ ሰክታችሁ ሹክሹክታ ብትሰሙ አትደነቁ። ጀማሪ ከሆንሽ ሳምሰን ኪው2ዩ የተባለው ማይክ በዩኤስቢም በኤክስኤልአርም (ባለ ሦስት እግሩ የማይክ ገመድ) ይሠራል። ከዚህ በላይ ስለ ማይክ አልናገርም፣ ሌሊቱ አይበቃንም።

ከአዋሬ፦ ድምፄ የወጋየሁ ንጋቱን እንዲመስል ምን ዓይነት ዕቃ ልጠቀም?

መልስ፦ ወጋየሁን ማይክ አልወለደውም።

ከነታንያ፦ ጋሼ፣ ኖይዝ ጌትና ማጽጃ ፕሮግራም ስጠቀም ቃላቶቼ የሚቆራረጡ ይመስለኛል። እንግሊዝኛ ስናገር ግን ያን ያህል አይታወቅም። እብድ ነኝ?

መልስ፦ አይደለህም! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነው ያመሸሁት።

«መጣ» በል፣ ቀስ ብለህ። «ጣ» ላይ ምላስህ ላንቃህን ይዞ ይቆያል፤ ያኔ ምንም ድምፅ አይወጣም፣ ጸጥታ ነው። ከዚያ ድንገት ይፈነዳል። ያ ጸጥታ የቃሉ አካል ነው፣ ጥብቀት የምንለው። ኖይዝ ጌቱ፣ ጫጫታ ለመቁረጥ ጸጥታ ሲመጣ ድምፁን የሚዘጋው፣ ግን ይህን አያውቅም፤ ጸጥ ሲል «ሰውየው ጨረሰ» ብሎ በሩን ይዘጋል። ፍንዳታው ሲመጣ ለመክፈት ትንሽ ይዘገያል፣ ያቺ ትንሽ ደግሞ የ«ጣ» ጥርስ ናት። ጥርሱ ሲሰበር «መጣ» ያልከው «መታ» ይሆናል። ታሪኩ ውስጥ ሰውየው የመጣው ሊታረቅ ከሆነ ጉድ ፈላ። «ሰጠ»፣ «አጣ»፣ «ወጣ» ሁሉም እንደዚሁ ነው። ለስብሰባ ጥሪ የተሠሩትን ማጽጃዎች ለትረካ ጨርሶ አጥፉ፤ ፍንዳታዋን እንደ በር ኳኳታ ቆጥረው የሚጠርጓት አጋጥመውኛል።

የግድ ከሆነባችሁ ጌቱን ተዉትና ኤክስፓንደር ተጠቀሙ፤ ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ፣ 6 ወይም 8 ዲሲቤል ብቻ ዝቅ እንዲያደርግ። ከመዝጋቱ በፊት 200 ሚሊሰከንድ ያህል ይታገሥ። ሲከፍት ደግሞ ፈጣን ይሁን።

ሌላም ልጨምር። እጃችሁን ከአፋችሁ ፊት አድርጉና «ፖሊስ» በሉ። ትንፋሹ መታችሁ? አሁን «ጳውሎስ» በሉ። የለም፤ «ጳ» ከሳንባ አየር አይወስድም። ማይክ ላይ «ቡፍ» የሚለው «ፐ» ነው፤ «ጰ»፣ «ጠ» እና «ቀ» ግን ነፋስ ሳይሆን ሹል ጫፍ ናቸው፣ የድምፅ መለኪያውን (ሜትሩን) ድንገት ይወጉታል። ስለዚህ ጌይን ስታስተካክሉ «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» አትበሉ። «ቆንጆ ጠጠር ቆጠረች» በሉና ከፍተኛው ጫፍ ከ−10 ዲሲቤል እንዳያልፍ አድርጉ።

ከጀሞ፦ ይህን ትምህርት ቤት ማን ነገረን!

ከአሌክሳንድሪያ፦ በኤሲኤክስ (የትረካ መጽሐፍ ማውጫ ድረ ገጽ) በኩል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እተርካለሁ። ፋይሌ «ከበስተኋላ ጫጫታ አለው» ተብሎ ተመለሰ።

መልስ፦ ልካቸው ይታወቃል፦ አማካዩ ከ−23 እስከ −18 ዲሲቤል፣ ጫፉ ከ−3 የማያልፍ፣ ጸጥታው ከ−60 በታች። የሚጥላችሁ ሦስተኛው ነው፣ የሚጥላችሁም የኮምፒውተር ማራገቢያ ነው። አሥር ሰከንድ ዝም ብለሽ ቅጂና ሜትሩን እዪ፤ ከዚያ ላፕቶፑን ከክፍሉ አውጥተሽ ድገሚው።

ከደሴ፦ ሶፍትዌርስ ጋሼ? ክራክ የሆነ አዶቢ ኦዲሽን አለኝ።

መልስ፦ አጥፋው። አንድ ወዳጄ በክራክ የገባ ቫይረስ አሥራ አንድ ምዕራፍ ቆልፎበት አስለቅሶታል፣ ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ኦዳሲቲ ነፃ ነው፤ ሪፐር 60 ቀን በነፃ ያስሞክራል፣ ለግል ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። የቀዳችሁትን ዕለቱን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ዕለቱን!

ከመቀሌ፦ ስልክ ይበቃል?

መልስ፦ ለመልመድ ይበቃል። ቁም ሣጥን ውስጥ ገብተህ፣ በአውሮፕላን ሁነታ።

ከሐዋሳ፦ ጋሼ ተመልሻለሁ። የአማርኛ ልብ ወለድ ልተርክ ነው። ክፍሌ 3 በ4 ሜትር ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ አለው። አንድ አልጋ አለ። ያለኝ አሮጌ ኮር አይ3 ላፕቶፕ ነው፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ሳውንድ ካርድና ኮንደንሰር ማይክ አጎቴ ልኮልኛል።

መልስ፦ አሁን ገና ጠየቅህ። ላፕቶፑን ከሳውንድ ካርዱ ጋር በሩ ውጭ ኮሪደር ላይ አስቀምጠው። ዩኤስቢ ገመድ ከ5 ሜትር በላይ አያስኬድህም፣ የማይኩ ኤክስኤልአር ግን ብዙ አሥር ሜትር ሳይደክም ይሄዳል፤ ስለዚህ የምታስረዝመው የማይኩን ገመድ ነው። ገመዱን በበሩ ሥር አሳልፈህ ክፍተቱን በጨርቅ ድፈነው። ሴራሚኩ ላይ ምንጣፍ አንጥፍ፣ ፍራሹን አልጋው ላይ ሳይሆን ከጀርባህ አቁመው። መቅዳት አስጀምረህ ገብተህ በሩን ዝጋ፣ ስትሳሳት አጨብጭብና ዓረፍተ ነገሩን ድገም፣ በኋላ ጭብጨባው ስክሪኑ ላይ ባለው የድምፅ ሞገድ ሥዕል ላይ ይታይሃል። ቆርቆሮውን በተመለከተ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ሲጀምር ማይኩን ሸፍነህ ጽሑፍህን አጥና፤ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ከሐዋሳ፦ እና ላፕቶፕ አልገዛም?

መልስ፦ ኮሪደር ላይ ለሚቀመጥ?