ስለ ዝይዋ ጌም «ማንን ልመን?» ላልከው

ሰላም ወንድም። ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። «አንታይትልድ ጉዝ ጌም»ን ገዝተህ ከታናሽ እህትህ ጋር ልትጫወት አስበሃል። ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ላይ አስተያየቶቹን ስታነብ ግን ግራ ገባህ። አንዱ በሳቅ ሆዴን አመመኝ ይላል። ከሥሩ ያለው ደግሞ ሁለት ሰዓት ለማይሞላ ጌም 20 ዶላር ከፈልኩ ብሎ ይማረራል። «ማንን ልመን?» ነው ጥያቄህ።

ሁለቱንም እመናቸው። ሁለቱም የደረሰባቸውን ነው የጻፉት። ግን አስተያየቱን ከማመንህ በፊት ሰውየው መቼ እንደገዛው፣ በምን እንደተጫወተው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከማን ጋር ሆኖ እንደተጫወተው እይ። እኔ ስዊች በሚባለው የኔንቴንዶ ጌም መጫወቻ ላይም ላፕቶፕ ላይም ተጫውቼዋለሁ። ብቻዬንም፣ ቤት ውስጥ ከሰው ጋርም። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ጌሙን ለማያውቁት፦ አንዲት ዝይ ናት። ጸጥ ባለ የእንግሊዝ መንደር ውስጥ ትዞራለች። ሥራዋ ሰው ማናደድ ነው፤ በቃ። መሞት የለም፣ መሸነፍ የለም፣ ነጥብ የለም። መሮጥ፣ ጎንበስ ማለት፣ ክንፍ ማራገብ፣ በመንቁሯ ዕቃ መያዝና መጮህ ነው የምትችለው። ለዚያ ጩኸት ብቻ አንድ ቁልፍ ተመድቦለታል። አንድ ዝርዝር ይሰጥሃል፦ የአትክልተኛውን ቁልፍ ስረቅ፣ ሰውየውን በውኃ አርጥበው፣ ለሽርሽር የሚሆን ምግብ ሰብስብ። እንዴት እንደምታደርገው ግን ማንም አይነግርህም።

የሠሩት ሜልበርን፣ አውስትራሊያ ያሉ አራት ጓደኛሞች ናቸው። ስቱዲዮአቸው ሃውስ ሃውስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 አንዳቸው በመወያያቸው ላይ የዝይ ፎቶ ለጠፈ። ስለ እሷ ጌም እንሥራ ተባባሉ፤ ቀልድ ነበር። በ2017 አጭር ቪዲዮ ሲለቁ ሕዝቡ ተንጫጫ። ጌሙ ገና ሳያልቅ አድናቂ አገኘ።

አሁን ወደ ጥያቄህ እምብርት ልግባ። ጌሙ በሁሉም መሣሪያ ላይ አንድ ቀን አልወጣም። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. መስከረም 20 ቀን 2019 ስዊች ላይ፣ እንዲሁም ለዊንዶውስና ለማክ ወጣ። የኮምፒውተሩ የሚሸጠው ኤፒክ በሚባል ሌላ የኦንላይን መደብር ላይ ነበር። ፕሌይስቴሽን 4 እና ኤክስቦክስ ዋን ላይ ታኅሣሥ 17 ቀን 2019 ደረሰ። ስቲም ላይ የገባው ግን መስከረም 23 ቀን 2020 ነው። ዓመት አልፎት!

ይህ ማለት ስቲም ላይ የምታነባቸው አስተያየቶች በሙሉ የተጻፉት ጌሙ ዓለምን ከዞረ በኋላ ነው። መጀመሪያ የገዙት ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ ነበር የገቡት። የዚያን ሰሞን ትዊተር ዝይ በዝይ ሆኖ ነበር፤ ሚሙ፣ ሥዕሉ፣ ቪዲዮው። 2019 ሳያልቅ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በ2020 መጀመሪያ ላይ ዳይስ በሚባለው የጌም ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ጌም ተባለ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የገዛ ሰው ምርጥ ምርጡን ቀልድ በቪዲዮ አይቶታል። ሳቁ ካለቀ በኋላ ጨዋታው ላይ እንደደረሰ እንግዳ ነው። «ያን ያህል አያስቅም» ቢል አልፈርድበትም። አንተ ግን ቪዲዮዎቹን ካላየህ የእሱ ቅሬታ አንተን አይመለከትም። እህትህም እንዳታይ አድርግ።

ቪዲዮ ማየቱ ለምን ይህን ያህል እንደሚጎዳው ልንገርህ። የዚህ ጌም ሳቅ ያለው ዝግጅቱ ላይ ነው። የመንደሩ ሰዎች የየራሳቸው ልማድ አላቸው። አትክልተኛው ያጠጣል፣ ይቆፍራል፣ ይጎነበሳል። አንተ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቀህ ትጠብቀዋለህ። ጎንበስ ሲል ኮፍያውን መንጭቀህ ትሮጣለህ። ጊዜውን የመረጥከው አንተ ነህ። ሙዚቃውም ይከተልሃል። ዳን ጎልዲንግ የተባለው ሙዚቀኛ የፈረንሳዊውን የሙዚቃ ደራሲ የክሎድ ዴቡሲን የፒያኖ ሥራዎች በመቶዎች በሚቆጠሩ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ ነው ያስገባቸው። ስትደበቅ ፒያኖው ዝም ይላል፤ ወይም አንድ ሁለት ኖታ ጠብ ያደርጋል። ሰውየው አይቶህ ሲያሳድድህ ይፈነዳል። ሌላ ሰው ሲጫወት ስታየው ይህ ሁሉ ተራ የጀርባ ሙዚቃ ነው የሚመስልህ። በእጅህ ሲሆን ግን ፒያኒስቱ አንተን እያየ የሚጫወት ነው የሚመስለው። ለእኔ የጌሙ ትልቁ ጥበብ ይህ ነው። አብዛኛው አስተያየት ሰጪ ዝም ብሎት ማለፉ ይገርመኛል።

ከማን ጋር የሚለው ደግሞ ይኸውልህ። የመንደሩ ሁለተኛ ሰፈር ገበያው ነው። መነጽር ያደረገ ፈሪ ልጅ አለ፤ መጫወቻ አውሮፕላን ይዞ ይሮጣል። ዝርዝሩ ላይ አንድ ሰው የገዛ ዕቃውን መልሶ እንዲገዛ አድርግ የሚል አለ። አውሮፕላኑን ነጠቅኩት። ወስጄ የባለሱቋ ዕቃዎች መሃል ጣልኩት። ሴትዮዋ አነሳችው፤ የራሷ መስሏት መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ልጁ መጣ፣ አውሮፕላኑን አየ፣ እጁን ዘረጋ። ባለሱቋ ክፈል አለችው። እናቴ ከኋላዬ ተቀምጣ ነበር፤ ጌም የሚባል ነገር ዞር ብላ አይታ አታውቅም። ሳንቲሙን አውጥቶ የራሱን ዕቃ ሲገዛ ስታይ «ኧረ አንቺ እርጉም! መልሺለት!» ብላ ዝይዋ ላይ ጮኸች። ቀጥላ «እስቲ አሁን ደግሞ መነጽሩን» አለች። ከዚያ በኋላ ዕቅድ አውጪዋ እሷ ሆነች።

ለዚህ እንግሊዝኛ አላስፈለጋትም። ጌሙ ውስጥ ንግግር የለም፤ ሰዎቹ ፊት እንኳ የላቸውም። ሁሉንም በሰውነታቸው ነው የሚናገሩት፤ ሲናደዱ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ሲፈሩ ይሸማቀቃሉ። የሚነበበው ዝርዝሩ ብቻ ነው፤ እሱን ጮክ ብለህ ብትተረጉምላቸው ቤቱ በሙሉ ይጫወታል።

ያንኑ ጌም ብቻዬን ማታ ላፕቶፕ ላይ ስጫወት ግን ድክመቱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። አንድ ሙከራ ሲበላሽ ሰዎቹ ወደ ቦታቸው እስኪመለሱ መጠበቅ አለብህ። መጠጥ ቤቱ ጋ ደግሞ በሩን የሚጠብቅ ደንዳና ሰውዬ አለ፤ ባየህ ቁጥር ያባርርሃል። ከሰው ጋር ስትሆን ያ መባረር ራሱ ያስቃል። ብቻህን ስትሆን ያሰለቻል። በኪቦርድ መቆጣጠሩም አይመችም፤ ጆይስቲክ ካለህ ሰካው። ስለዚህ ብቻውን፣ በኪቦርድ፣ ቪዲዮውን አስቀድሞ አይቶ የተጫወተ ሰው ዝቅተኛ ነጥብ ቢሰጥ እረዳዋለሁ።

ስለ እጥረቱ፦ አዎ፣ አጭር ነው። ዋናውን ታሪክ ሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ትጨርሰዋለህ። ከዚያ በኋላ ግን ተጨማሪ ዝርዝር ይከፈታል። አብዛኛው ቅሬታ አቅራቢ እዚህ የደረሰ አይመስለኝም። የቤተክርስቲያኑ ደወል ሳይደወል አንዱን ሰፈር ጨርስ የሚለው ከሁሉ ይከብዳል። እዚያ ላይ እያንዳንዱን ሰው የት እንደሚሄድ በቃልህ መያዝ አለብህ። 20 ዶላር ለእኛ ቀላል ብር አይደለም፤ ይህን አልክድም። ስቲም ላይ በቅናሽ ሰሞን ግማሽ ዋጋ ሲገባ አይቻለሁ፤ ካልቸኮልክ ጠብቅ። ዳውንሎዱ ከአንድ ጊጋባይት በታች ስለሆነ ዳታህን አይበላም።

አንዳንዶች ደግሞ ስቲም ከሁለት ሰዓት በታች ለተጫወቱት ጌም ገንዘብ ስለሚመልስ ቶሎ ጨርሶ መመለስ ይቻላል ይላሉ። እባክህ አታድርገው። አራት ሰዎች ዓመታት የደከሙበት ሥራ ነው። አጭር ጌም የሚሠሩትን በዚህ ከቀጣናቸው ነገ የሚወጣው ሁሉ ያለቦታው የተንዛዛ ይሆናል።

ኮምፒውተርም ኮንሶልም ለሌላቸው፣ ከሥር ስልክ ላይ አለ ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁ፦ ዝይዋ ስልክ ላይ አልወጣችም። ፕሌይ ስቶር ላይ የምታዩት ዝይ ሁሉ የሌላ ሰው ነው። ለስልክ የምመክረው «ጎት ሲሙሌተር»ን ነው፤ ፍየሏን። ስዊድን ያለው ኮፊ ስቴይን ስቱዲዮስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1 ቀን 2014 ለኮምፒውተር አወጣው፤ በዚያው ዓመት አንድሮይድና አይፎን ላይ ገባ። እሱም ላይ ተጫዋቹ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ሠሪዎቹ ጌሙን የሚዘጋውን ስህተት ብቻ አርመው የቀረውን ብልሽት ሆን ብለው ተዉት። ፍየሏ ግድግዳ ውስጥ ትገባለች፣ አንገቷ ይለጠጣል፣ ሰማይ ትወጣለች። የመሸጫ ገጹ ላይ እንኳ ገንዘባችሁን ከጓደኛ ጋር አዋጥታችሁ እውነተኛ ፍየል ብትገዙበት ይሻላል ብለው ጽፈዋል። ያንን አንብቦ የገዛ ሰው ሲስቅ፣ እውነተኛ ጌም ነው ብሎ የገዛው ተበሳጨ። እኔ ለአንድ ምሽት ወድጄዋለሁ። ከዝይዋ ጋር ግን አላወዳድረውም፤ ፍየሏ የምታስቀው በአጋጣሚ ነው፣ ዝይዋ ግን የምታስቀው አንተ አስበህበት ነው።

እንግዲህ ላንተ፦ ከእህትህ ጋር ስለሆነ ግዛው። ሁለት ዝይ ሆኖ መጫወት የተጨመረው ስቲም ላይ በወጣበት ቀን ነው፤ በሌሎቹም መሣሪያዎች ላይ ያለተጨማሪ ክፍያ ገብቷል። በርቀት ሳይሆን አንድ ስክሪን ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ነው። ስዊች ካላችሁ የእሱን እመርጣለሁ፤ ጆይኮን የሚባሉትን ሁለት ትንንሽ መቆጣጠሪያዎቹን አንዳንድ ተካፍላችሁ ወዲያው ትጀምራላችሁ። ላፕቶፕ ከሆነ ቢያንስ አንድ ጆይስቲክ ተዋሱ። ከመጀመሪያው ሰፈር ጀምራችሁ በሁለት ዝይ ግቡ፤ አንዳችሁ እየጮኸ ሰውየውን ሲያዘናጋ ሌላው ቁልፉን ይስረቅ። አንዱ ሥራ ቢያስቸግራችሁ ዩቲዩብ አትክፈቱ፤ ትታችሁ ወደ ሌላው እለፉና ተመለሱበት። መጠጥ ቤቱ በር ላይ ስትደርሱ ደግሞ ዕቃ የምታወርደዋን ሴት ሳጥኖች ልብ በሉ፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።