ለመስኮት 18,000 ዶላር ከፍላችሁ 5,400 ለምትጠብቁ

ሰላም እህቴ። ኦክቶበር 2025 ላይ የቤታችሁን መስኮቶች በ18,000 ዶላር እንዳስቀየራችሁና ሻጩ «30 ፐርሰንቱ በታክስ ይመለስላችኋል» እንዳላችሁ ጽፈሻል። 5,400 ዶላር እየጠበቃችሁ ከሆነ ከወዲሁ ብታውቁት ይሻላል፤ የምታገኙት ቢበዛ 600 ዶላር ነው። 30 ፐርሰንት ማለቱ እውነት ነው፤ ግን የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የታክስ ክሬዲት (ከታክሳችሁ ላይ የሚቀነስላችሁ ገንዘብ) እስከ 2025 መጨረሻ ለተገጠመ መስኮት በዓመት ከ600 ዶላር በላይ አይሰጥም። ከባለቤትሽ ጋር ታክሱን አንድ ላይ ብትሞሉም ያው ነው። መስኮቶቹ 2,000 ዶላር ካወጡ 600ው ሞላ፤ ከዚያ በላይ የከፈላችሁት ለክሬዲቱ የሚጨምረው የለም።

እኛም ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ታውንሃውሳችንን ስናስቀይር የተነገረን ይኸው ነበር። እናቴ ከአገር ቤት መጥታ በብርዱ ወራት እኛ ጋ ስትሰነብት፣ ንፋሱ አላስተኛ እያላት መስኮቱ ሥር ጋቢ ትወትፍ ነበር። ስለዚህ ክሬዲት ኖረም አልኖረም መቀየሩ የግድ ሆነብን። ደግነቱ ታክስ የምትሠራ ዘመዳችን «ገደቡ በየዓመቱ ነው፣ ሁሉንም ባንዴ አታስቀይሩ» አለችን። የመኝታ ቤቶቹን በ2023፣ የሳሎኑን በ2024 አደረግነው።

የ2023ቱ ተሳካ፤ ግን ኢንቮይሱ ላይ መስኮቱና የሠራተኛው ዋጋ ተደባልቆ በአንድ ቁጥር ነበር የተጻፈው። ለመስኮት የጉልበት ዋጋ አይቆጠርም። ለይተው እንዲጽፉልን ሦስት ሳምንት ደጅ ጠናን። የ2024ቱ ግን ቀረብን። መስኮቶቹ ኃይል ቆጣቢ መሆናቸውን የሚያሳየው የኢነርጂ ስታር ምልክት ስላላቸው ይበቃል ብዬ ነበር። ሕጉ የሚፈልገው «ኢነርጂ ስታር ሞስት ኤፊሸንት» የሚባለውን ከፍ ያለ ደረጃ ነው፤ የእኛዎቹ አልደረሱም። ያቺ 600 ዶላር እስካሁን ትቆጨኛለች።

እናንተ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር ካልጣላችሁ ዛሬውኑ ፎቶ አንሱት። ለ2025 ደግሞ የአምራቹ ባለ 4 ምልክት መለያ ኮድ ክሬዲቱ በሚጠየቅበት የታክስ ቅጽ፣ ፎርም 5695 ላይ መግባት አለበት፤ ሻጩን ጠይቁት። ከመብራት ድርጅት ሪቤት (ተመላሽ ገንዘብ) ተቀብላችሁ ከሆነ እሱ ከመስኮቱ ዋጋ ላይ ይቀነሳል። ቤቱም የምትኖሩበት መሆን አለበት፤ ለተከራይ የሰጣችሁት ቤት መስኮት አይገባም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። ይህ ክሬዲት የዓመቱን ታክስ ይቀንሳል እንጂ ታክስ ለሌለበት ሰው ገንዘብ አይሰጥም፤ የተረፈውም ለሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም። የገዛ እህቴ መስኮት ባስቀየረችበት ዓመት ገቢዋ ትንሽ ስለነበር ምንም አላገኘችም። «ሪፈንድ ስለማገኝ ታክስ የለብኝም» የሚሉም አሉ፤ ሪፈንዱ ከደሞዛችሁ ቀድሞ የተቆረጠው ነው፣ ታክሱ ግን ነበረባችሁ።

ዘንድሮ ሊያስቀይር ላሰበው ወንድምሽ ግን በዚህ ተስፋ ውል እንዳይፈርም ንገሪው። ጁላይ 2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከዲሴምበር 31፣ 2025 በኋላ የተገጠመ መስኮት ክሬዲት የለውም። ቀደም ብሎ መክፈሉ አይረዳውም፤ የሚቆጠረው ገጠማው ያለቀበት ቀን ነው። ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ የስቴቱን የዌዘራይዜሽን ፕሮግራም ይጠይቅ፤ ቤቱን አይተው ንፋስ የሚያስገባውን በነፃ ይደፍናሉ። አንዳንድ ስቴቶችም የራሳቸው ሪቤት አላቸው፤ ሥራው ሳይጀመር ያመልክት።

በ2023 ወይም በ2024 አስቀይራችሁ ሳትጠይቁ የቀራችሁ ካላችሁ፣ የዚያን ዓመት የታክስ ሪተርን ካስገባችሁ 3 ዓመት ሳይሞላ በማስተካከያ ቅጹ፣ በ1040ኤክስ ማስተካከል ትችላላችሁ። አንቺ ግን መጀመሪያ ሰኞ ጠዋት ሻጩ ጋ ደውለሽ የተለየ ኢንቮይስና ኮዱን አስልኪ።