ጣቴ ለምን ጎበጠ? ከሐይቅ ዳር ተጓዦች የመጡ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ጠዋት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በእግር የምንጓዝ ሰዎች አለን። ባለፈው ሳምንት አሞራ ገደል ስንደርስ አንዷ "እኔ በቃኝ" ብላ ቁጭ አለች። ጫማዋንና ካልሲዋን አወለቀች። ከአውራ ጣቷ ቀጥሎ ያለው ጣት ጎብጧል። ጉብታው ላይ ምስር የምታክል የደደረች ቆዳ አለች፤ ዙሪያዋ ቀልቷል። ይሄን ያየ ሁሉ የራሱን ጫማ ማውለቅ ጀመረ። ዓሣ ሊበሉ የመጡት ሰዎች ምን ነካቸው ሳይሉን አልቀሩም።

ፊዚዮቴራፒስት በመሆኔ ጥያቄው ሁሉ እኔ ላይ ወረደ። እዚያው የመለስኩትንና ማታ በስልክ የመጣውን አንድ ላይ ጽፌዋለሁ። "ዶክተር" እያላችሁ ግን አትጥሩኝ፤ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ ባንክ ነው የምሠራው፤ ታኮ ጫማ አዘወትራለሁ። ጣቴ የጎበጠው በሱ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናው ተጠርጣሪ እሱ ነው። ሐኪሞች "ሃመር ቶ" ይሉታል፣ መዶሻ ጣት እንደ ማለት ነው። የጣቱ መካከለኛ መገጣጠሚያ ወደ ላይ ይቆለመምና ጫፉ ወደ መሬት ይደፋል። ታኮ ላይ ስትቆሚ ክብደትሽ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ጣቶችሽ ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋፋሉ። ቦታ ያጣ ጣት ደግሞ ከመታጠፍ ሌላ ምርጫ የለውም። ይሄ ለዓመታት ሲደጋገም ከሥር ያለው ጅማት ያጥራል፤ ጫማውን ብታወልቂም ጣቱ አይዘረጋም።

ጫማ ብቻውን ግን አይደለም። ሁለተኛው ጣታቸው ከአውራ ጣታቸው የሚረዝም ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። የአውራ ጣት ሥር ያለው አጥንት ወደ ጎን ሲወጣ፣ አውራ ጣቱ ጎረቤቱን ይገፋዋል። በቤተሰብም ይመጣል። የመገጣጠሚያ ሪህ፣ ስኳር፣ የነርቭ ጉዳትም ያመጡታል።

ታኮውን ወደ 5 ሴንቲና ከዚያ በታች አውርጂው፤ አፍንጫው ሰፊ ይሁን። መንገድ ላይ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጊ። ከባንኮኒው ጀርባ ስትቀመጪ ደግሞ አውልቂው፤ ደንበኛ እግርሽን አያይም።

ጥያቄ፦ ያለ ኦፕራሲዮን ይድናል?

መልስ፦ ለዚህ መልሱ ያለው እጃችሁ ላይ ነው። አሁኑኑ ተቀመጡና እግራችሁን ጉልበታችሁ ላይ አውጡ። የጎበጠውን ጣት ከሥሩ ደግፋችሁ በቀስታ ዘርጉት። ተዘረጋ? ጅማቱ ገና ለስላሳ ነው፤ ጫማ፣ መደገፊያና እንቅስቃሴ ይረዱታል። እንደ እንጨት ደርቆ እምቢ አለ? እንግዲያው በእንቅስቃሴ አይቃናም። ይቃናል ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ብራችሁን ያዙ። የደረቀ ጣትም ቢሆን ሰፊ ጫማና መከላከያ ስፖንጅ ሲያገኝ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ሰው ጣቱ ስለጎበጠ ብቻ ኦፕራሲዮን አይደረግም፤ ካላመመው ይተወዋል።

ለለስላሳው ይሄን ሥሩ። ጣቱን በእጅ ዘርግታችሁ 10 ሴኮንድ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ደግሙ። ፎጣ መሬት ላይ አንጥፋችሁ በጣታችሁ እየሰበሰባችሁ ሳቡት። ግድግዳ ተደግፋችሁ ባታችሁን ሳቡ፤ ባት ሲከር የእግር የፊት ክፍል ላይ፣ ጣቶቹ ሥር ጫና ይበዛል። ቡና እስኪፈላ ድረስ ያለው ጊዜ ይበቃል።

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳር አለባቸው። የደደረውን ቆዳ በምላጭ ይቀርፉታል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ ዛሬውኑ ያስቁሟቸው። ስኳር ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል። የእግር ትንንሽ ጡንቻዎች ይደክማሉና ጣት ይጎብጣል፤ ያ የጎበጠ ጣት ጫማ ሲፈገፍገው ግን እናትዎ አይሰማቸውም። ሕመም ማስጠንቀቂያ ነበር፣ እሱ ጠፋ። ትንሽ የምላጭ ጭረት ቁስል ይሆናል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ መጨረሻው ጣት ወይም እግር መቆረጥ ሊሆን ይችላል።

ከፋርማሲ የሚገዛው የደደረ ቆዳ የሚያነሳ ፕላስተርም ለእሳቸው አይሆንም፤ ውስጡ አሲድ አለ፣ ጤነኛውንም ቆዳ ይበላል። ማታ ማታ እግራቸውን እርስዎ ይዩላቸው፤ በጣቶቹ መሃልና ከሥር በኩል። ጫማ ከማድረጋቸው በፊት እጅዎን አስገብተው ጠጠር ካለ ይዳስሱ። ውሃ ሲያሞቁ ሙቀቱን በክርንዎ ይለኩት፤ የእሳቸው እግር አይለካም። ቁስል፣ ፈሳሽ ወይም የጠቆረ ነገር ካዩ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይውሰዷቸው።

ስኳር የሌለባችሁ፣ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፋችሁ በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ ቀስ እያላችሁ ማሳሳት ትችላላችሁ። ምላጭ ግን ለማንም አልመክርም።

ጥያቄ፦ ወጌሻ ቢያቃናውስ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ወጌሻ የሚመልሰው ወለቀ የተባለን ነው። ይሄ አብዛኛውን ጊዜ የወለቀ አይደለም፤ ያጠረ ጅማት ነው። በጉልበት ሲጎትቱት ሊቀደድ ይችላል። ስኳር ያለበት እግር ላይማ ጭራሽ አይታሰብም።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነው የምነዳው። ጫማዬ ሰልባጅ ነው፤ አዲስ የመግዛት አቅም የለኝም። ኦፕራሲዮን ብደረግስ መቼ ሥራ እገባለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰልባጅ ሁሉ መጥፎ አይደለም። አንዳንዱ ከአዲሱ የተሻለ ሰፊ ነው። ችግሩ በሌላ ሰው እግር ቅርጽ የተለመደ መሆኑ ነው። ስትገዛ ወረቀት ይዘህ ሂድ። ባዶ እግርህን ወረቀቱ ላይ ቆመህ በእስክሪብቶ ዙሪያውን አስምር። ጫማውን ሥዕሉ ላይ አስቀምጥ። መስመሩ ከጫማው ውጭ ከታየ ያ ጫማ ያንተ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ግዛ፤ እግር ሲውል ያብጣል። ከረጅሙ ጣትህ ፊት 1 ሴንቲ ያህል ይትረፍ። ያለህ ጫማ ቆዳ ከሆነ ጫማ ሰፊ ጋ ውሰደው፤ ጣትህ የሚነካበትን ቦታ ብቻ በፎርማ ሊያሰፋልህ ይችላል።

ኦፕራሲዮኑን በተመለከተ፣ ጣቱ ለስላሳ ከሆነ ጅማቱን ማላላት ሊበቃ ይችላል። ከደረቀ ከመገጣጠሚያው ትንሽ አጥንት ይወጣል፣ ወይም ሁለቱ አጥንቶች እንዲያያዙ ይደረጋል። ብዙ ጊዜ ቀጭን ሽቦ በጣቱ ጫፍ ወጥቶ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ማደንዘዣው በአብዛኛው እግር ላይ ብቻ ስለሆነ በዚያው ቀን ቤትህ ትገባለህ። እብጠቱ ግን ወራት ይፈጃል፣ በሱ አትደንግጥ። የባጃጅ ፍሬን በቀኝ እግር ነው። የሚሠራልህ ቀኝ እግርህ ከሆነ ሽቦው ወጥቶ፣ ፍሬኑን ሳያምህ በደንብ መርገጥ እስክትችልና ሐኪምህ እስኪፈቅድልህ አትንዳ። ተሳፋሪ ጭነሃል። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዝህ በፊት የእነዚያን ሳምንታት ገቢ አስብበት።

ጥያቄ፦ ኦንላይን የሚሸጠው የጣት መለያ ሲሊኮንስ?

መልስ፦ መፈጋፈግን ይቀንሳል። ጣት አያቃናም። ጠባብ ጫማ ውስጥ ከገባ ደግሞ መጣበብን ይጨምራል፤ መጀመሪያ ጫማው።

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ልጄ አራተኛ ጣት ከሦስተኛው ሥር ታጥፎ ይገባል።

መልስ፦ እትዬ፣ ይሄ ሌላ ነው። ልጆች ላይ አብሮ የሚወለድ ነገር ነው፤ ብዙው አያምም፣ ሲያድጉ የሚስተካከልም አለ። አይጎትቱት፣ አያስሩት። የታላቁን ጠባብ ጫማ አያልብሱት። እየሮጠ ከሆነና የማያነክስ ከሆነ ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ያሳዩት፤ ለብቻው መጓዝ አያስፈልግም።