መልስ፦ አገራችን ባሕር የላትም፣ ታዲያ ባሕር ዳር ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ የወደብ ኢንጂነር መሆን እችላለሁ ወይ?

ትችላለህ። ባሕር የለንም ያልከው አያግድህም፣ ዲግሪ መቀየርም አያስፈልግህም፤ የወደብ ኢንጂነር የሚባለው መጀመሪያ ሲቪል ኢንጂነር ነው፣ ልዩነቱ የሚመጣው ማስተርስ ላይና ሳይት ላይ ነው።

ማስተርስ ጂኦቴክኒክ (የአፈርና የመሠረት ጥናት) ወይ ሃይድሮሊክስ (የውሃ ፍሰት ጥናት) ያዝ። እኔ ጂኦቴክኒክ ነው የምልህ፣ ምክንያቱም የመርከብ ማቆሚያ ግድግዳ ከኋላው አፈርና ውሃ ይገፋዋል ከፊቱ ደሞ መርከቡ ሲጠጋ ይመታዋል፣ ፓይሉ (ወደ መሬት የሚተከለው የመሠረት ምሰሶ) ስንት ሜትር ይውረድ የሚለውን የሚወስነው ከስር ያለው ጭቃ ነው። ጨው በኮንክሪት ውስጥ ያለውን ብረት እንዴት እንደሚበላው ግን ጣና ሐይቅ ጨዋማ ስላልሆነ አያስተምርህም፣ እሱን ጅቡቲ ወይ ሌላ የባሕር ወደብ ስትሠራ ነው የምታየው።

እስከዛ ባሕር ዳርም ሆነ ጎርጎራ የጀልባ ማቆሚያ ሥራ ካገኘህ ለሰርቬይም (ለመሬት ልኬት ሥራ) ቢሆን ግባ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ የማቆሚያውን ወለል ከፍታ በግንቦት ባየኸው ውሃ እንዳትወስን። ሐይቁ ግንቦት ሰኔ ላይ ዝቅ ይላል፣ የሚሞላው መስከረም ጥቅምት ላይ ነው፣ ልዩነቱ ከሜትር በላይ ይሄዳል፣ በዛ ላይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ ውሃውን የሚቆጣጠሩ በሮች አሉ፣ ወደ በለስ ወንዝም ለ460 ሜጋዋቱ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ ውሃ ይወጣል። በበጋ ተለክቶ የተሠራ ማረፊያ መስከረም ላይ ወለሉ ሰጥሞ እናቶች እቃ ተሸክመው ጫማ በእጃቸው ይዘው ሲሳፈሩ አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝናል። የብዙ ዓመት የውሃ ከፍታ ሪከርድ ጠይቅ፣ ዳር ያለው ድንጋይ ላይ የቀረውን የውሃ ምልክት ለካ፣ የድሮ ጀልባ ነጂዎችንም አናግራቸው፣ ቁጥሩን ድሮዊንግ ላይ የምታሰፍረው ከዛ በኋላ ነው።