ፕሬዚዳንቱን ከመለወጥዎ በፊት ድምፁን ይቁጠሩ

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ ከተማችን በሆነ አገር አቀፍ የበረዶ ስፖርቶች ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ውስጥ ክለቤን እወክላለሁ። ልጆቻችን የሚለማመዱት ጎማ በተገጠመለት ስኪ (የበረዶ መንሸራተቻ ሳንቃ) አስፋልት ላይ ነው፤ በረዶ የሚያገኙት ውጭ አገር የሚኖሩ አራት ስፖርተኞቻችን ብቻ ናቸው። ማኅበሩ 9 ክለቦች አሉት፤ 5 ከድሬዳዋ፣ 3 ከሐረር፣ 1 ከአዲስ አበባ። ከክለቦቹ ሌላ 7 መሥራቾች በግላቸው የዕድሜ ልክ ድምፅ አላቸው። ስፖርተኞቹ ድምፅ የላቸውም። ፕሬዚዳንታችን ሥራ አስኪያጅም ናቸው፤ ቼክ ላይ የሚፈርሙትም እሳቸው ብቻ ናቸው። ጉባኤ ከተጠራ ሦስት ዓመት አልፏል። ክለቦቹ ተስማምተን አዲስ አመራር ልንመርጥና ደንቡን ልናሻሽል አስበናል። ሕጋዊው መንገድ የትኛው ነው?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ያነሱት ሁለት ጉዳይ ነው፤ ደንብ ማሻሻልና አመራር መምረጥ። ሁለቱንም በአንድ ቀን መጨረስ ያጓጓል፤ ነገር ግን ብዙ የማኅበር ክርክር ፍርድ ቤት የሚደርሰው በዚህ ጥድፊያ ነው። ደግሞም በአሮጌው ደንብ የተመረጠ አዲስ ሰው የሚቀመጠው በዚያው በአሮጌው ወንበር ላይ ነው፤ እሱም ብቻውን ቼክ ይፈርማል፣ ሥራ አስኪያጅም ይሆናል፣ ጉባኤ ሳይጠራ ሦስት ዓመት ቢቆይ የሚያስገድደው የለም። ስለዚህ ደንቡ ይቅደም፤ ምርጫው በአዲሱ ደንብ ይካሄድ።

በመጀመሪያ በየትኛው ሕግ እንደምትተዳደሩ ይለዩ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩ ድርጅቶችን፣ እንዲሁም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ከተማ አስተዳደሮች የተቋቋሙትን ይመለከታል። እናንተ ድሬዳዋም ሐረርም ስላላችሁ በሁለቱም በር ትገባላችሁ። (ሐረር ውስጥ ብቻ የሚሠራ ክለብ ቢሆን ኖሮ ወደ ክልሉ ሕግ ነበር የምንሄደው።) የምዝገባ ምስክር ወረቀታችሁን የሰጠው የስፖርት መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን ማሻሻያው የሚቀርበው ለዚያው መሥሪያ ቤት ነው፤ ወረቀቱን አውጥተው ማኅተሙን ይመልከቱ። በአዋጁ መሠረት ማኅበር ማለት አምስት ወይም ከዚያ በላይ አባላት ያቋቋሙት፣ የበላይ ወሳኝ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤ የሆነ ድርጅት ነው። ፕሬዚዳንት የጉባኤው ተጠሪ እንጂ አለቃው አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ድምፁ እንምጣ። 9 ክለብና 7 መሥራች ሲደመር 16 ድምፅ ነው። ምልዓተ ጉባኤው ግማሽ ሲደመር አንድ ከሆነ 9 ሰው ያስፈልጋል። ማሻሻያ በሁለት ሦስተኛ ይጸድቃል የሚለው አንቀጽ ደግሞ አንድ ቃል ላይ ይንጠለጠላል፤ «ከጠቅላላው አባላት» ወይስ «ከተገኙት አባላት»? የመጀመሪያው ከሆነ 11 ድምፅ ያስፈልጋችኋል፤ ክለቦቹ በሙሉ ቢስማሙም 9 ናችሁ፣ ሁለት መሥራች ማሳመን ግድ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ሒሳቡ በተገኘው ሰው ቁጥር ይቀየራል። ክለቦቹ ብቻ ከመጣችሁ 6 ድምፅ ይበቃል። አራት መሥራች ቢጨመር 13 ትሆናላችሁ፣ 9 ድምፅ ያስፈልጋል፤ ለጥቂት ታልፋላችሁ። አምስተኛው መሥራች በሩን ከከፈተ ግን 14 ትሆናላችሁ፣ የሚፈለገው 10 ነው፤ ማሻሻያው በአንድ ድምፅ ይወድቃል። በተቃራኒው መሥራቾቹ በሙሉ ቀርተው ከሐረር የሚመጣው አንድ ተወካይ መኪና ቢበላሽበት 8 ትቀራላችሁ፤ ምልዓተ ጉባኤ የለም፣ ስብሰባውም የለም። ይህን ሠንጠረዥ በወረቀት ሳትሠሩ ጥሪ አትበትኑ።

ከዚህ ሒሳብ የሚነሳ አንድ ፈተና አለ፤ መሥራቾቹ እንዳይሰሙ ጥሪውን ማድበስበስ። አታድርጉት። ጥሪ ያልደረሰው አንድ አባል ቀርቦ ውሳኔውን ለማሰረዝ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አያገኝም። ይልቁንም መሥራቾቹን ለማግባባት በረቂቁ ውስጥ የሚያስከብራቸው ነገር አስቀምጡ። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ የግል ድምፃቸው ቀርቶ በጉባኤ የመናገር መብት ያለው የክብር አባልነት ያግኙ፤ ለአንድ የምርጫ ዘመን ደግሞ ሰባቱ በጋራ አንድ ድምፅ ይኑራቸው። ማኅበሩን በባዶ ሜዳ ያቆሙ ሰዎች ናቸውና ክብሩ ይገባቸዋል፤ የዕድሜ ልክ ድምፅ ግን አይገባቸውም።

ጥሪውን ማን ያውጣ? ደንባችሁ ፕሬዚዳንቱ ካልጠሩ ስንት አባላት አስቸኳይ ጉባኤ መጠየቅ እንደሚችሉ ይናገራል፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሦስተኛ ይላል፣ ከ16 ድምፅ 6 መሆኑ ነው። እናንተ 9ኙም ክለቦች ፈርሙ፤ አንድ ሁለት ፊርማ ቢነሳባችሁ እንኳ ጥያቄው እንዳይወድቅ። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፤ አጀንዳው ተዘርዝሮ የክለቦቹ ማኅተም ይረፍበት። ለጽሕፈት ቤቱ ሲሰጥ ቅጂው ላይ ቀንና ፊርማ ይቀበሉ፤ አንቀበልም ካሉ በአደራ ፖስታ ይላኩ፣ ደረሰኙን ያስቀምጡ። ደንቡ የሰጠው ጊዜ አልፎ ዝም ከተባለ ያንኑ ጥያቄ ከደረሰኙ ጋር አያይዘው ለመዝጋቢው ባለሥልጣን፣ ማለትም ምስክር ወረቀቱን ለሰጣችሁ መሥሪያ ቤት ያመልክቱ።

የጥሪ ደብዳቤው የሚፈርሰው ብዙውን ጊዜ በአጀንዳው ነው። «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» በሚል ርዕስ ሥር ደንብ አይሻሻልም። የሚሻሻለው አንቀጽ በቁጥር ይጠቀስ፣ ነባሩና ረቂቁ ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ተጽፎ ከጥሪው ጋር ይላክ። ይህን ካላደረጋችሁ «ምን እንደምንወስን አላወቅንም» የሚል አባል ትክክል ይሆናል።

የረቂቁን ይዘት በተመለከተ፣ ከሌላ አገር ትምህርት ሲወሰድ መጠኑን ማወቅ ያሻል። በካናዳ የበረዶ ሆኪን የሚመራው ሆኪ ካናዳ በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ቦርዱ በሙሉ ከሥልጣን ወርዷል። ምክንያቱ ከአባላት መዋጮ የተጠራቀመ፣ አባላቱ ግን በቅጡ የማያውቁት መጠባበቂያ ገንዘብ የወሲብ ጥቃት ክሶችን ለመዝጋት መዋሉ ነው። የቀድሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ቶማስ ክሮምዌል አስተዳደሩን መረመሩ፤ በታኅሣሥ ወር የተመረጠው አዲሱ የዘጠኝ ሰው ቦርድም ሥራ የጀመረው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ለእናንተ የሚጠቅመው ቦርዱ መውረዱ ሳይሆን የወረደበት ምክንያት ነው፤ ገንዘቡን አንድ እጅ ይዞት አባላት ሲያጡት። ስለዚህ ረቂቁ ውስጥ ከሁሉ በፊት ይህ ይግባ፤ ፕሬዚዳንትነትና ሥራ አስኪያጅነት በአንድ ሰው አይያዝም፣ ቼክ በጣምራ ፊርማ ይወጣል፣ ኦዲተሩን የሚመርጠው ሥራ አስፈጻሚው ሳይሆን ጉባኤው ነው።

የስፖርተኛው ድምፅ ሁለተኛው ነው። አሜሪካ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በኦሊምፒክ ስፖርቶች ብሔራዊ አካላት ቦርድ ውስጥ ስፖርተኞች ቢያንስ አንድ ሦስተኛ እንዲሆኑ አስገድዳለች። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ የስፖርት አስተዳደር ደንብ በበኩሉ ከፍተኛ የመንግሥት ድጋፍ የሚያገኙ ድርጅቶች ከቦርዳቸው ቢያንስ ሩቡ ገለልተኛ ሰው እንዲሆን ይጠይቃል። ዘጠኝ ክለብ ላለው ማኅበር ይህን እንዳለ መገልበጥ ከባድ ነው፤ አሥራ ሦስት ሰው ያለው ኮሚቴ ብታቋቁሙ ምልዓተ ጉባኤ ሲፈልግ ይከርማል። ሰባት ሰው ይበቃችኋል፤ ከእነሱም ሁለቱን ስፖርተኞቹ ራሳቸው ይምረጡ፤ አንድ ወንበር ሒሳብ ወይም ሕግ ለሚያውቅ፣ ከክለብ ውጭ ለሆነ ሰው ይተው። የሥራ ዘመኑ አራት ዓመት፣ ከሁለት ጊዜ በላይ የማይደገም ይሁን። አራቱ ስፖርተኞች ውጭ አገር ስላሉ በኢንተርኔት ድምፅ መስጠት እንደሚቻል ደንቡ በግልጽ ካልተናገረ ድምፃቸው ዋጋ የለውም።

የጉባኤው ቀን ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በበረዶ ስፖርት ግን ብዙ ይወስናል። ውድድሩ በአብዛኛው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ጉባኤው ጥር ላይ ከተጠራ ስፖርተኞቹ ውድድር ላይ ናቸው። የበጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴ ለኦዲት ይሁን፤ የዓመቱ ሪፖርት በሦስት ወር ውስጥ ማለትም እስከ መስከረም 30 መቅረብ ስላለበት መስከረም መጀመሪያ ላይ ጉባኤው ይደረግ። ቀኑን ደንቡ ውስጥ ጻፉት፤ ለፕሬዚዳንቱ ፈቃድ አትተዉት። አዋጁ የአስተዳደር ወጪን ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ በላይ ስለማይፈቅድ የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ ሲወሰንም ይህን አስሉ።

የስሙንም ነገር እንይ። «የበረዶ ስፖርቶች» በዓለም ላይ አንድ ቤት የለውም። ስኪ በ1924 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የዓለም ስኪ ፌዴሬሽን ነው፣ በበረዶ ላይ ሸርተቴ በ1892 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የዓለም ስኬቲንግ ኅብረት ነው፣ ሆኪውና ባይትሎኑም (ስኪና ተኩስ የተጣመሩበት ስፖርት) የየራሳቸው አላቸው። በጎማ ጫማ ሸርተቴ (ከጎማ ስኪ የተለየ ነው) ደግሞ ከእነዚህ በአንዱም ሥር አይደለም። የኦሊምፒክ ቻርተር አንድ ብሔራዊ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ለአንድ ስፖርት ከአንድ በላይ ፌዴሬሽን እንዳያውቅ ይከለክላል፤ የሚታወቀው ፌዴሬሽንም እውነተኛና ቀጣይ እንቅስቃሴ ያለው፣ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን አባል የሆነ መሆን አለበት። ስለዚህ በደንቡ ዓላማ አንቀጽ ላይ የትኞቹን ስፖርቶች እንደምትይዙ አንድ በአንድ ይጻፍ። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ስፖርቱ አገር አቋራጭ ስኪ ነበር፤ በጎማ ስኪ የሚለማመዱት ልጆቻችሁም መንገዳቸው ወደዚያው ነው።

መንግሥትን በተመለከተ ጥንቃቄ አድርጉ። የስፖርት መሥሪያ ቤት ሰው ያለ ድምፅ በታዛቢነት ቢቀመጥ ይጠቅማል፤ ሥራ አስፈጻሚ የሚሾም ወይም የሚሽር ግን አይሁን። ፊፋ በሐምሌ 2008 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንን በአመራር ውዝግብ ምክንያት አግዶ ብሔራዊ ቡድኑ ከ2010 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተሰርዟል። ፕሬዚዳንቱን ለማውረድ ስትሉ ቢሮ እንዲያወርድላችሁ አትጠይቁ።

በስብሰባው ዕለት ቃለ ጉባኤው ላይ የተገኙት ስም፣ የወከሉት ክለብና ፊርማ ይኑር፤ ለእያንዳንዱ አንቀጽ የድጋፍ፣ የተቃውሞና የድምፀ ተአቅቦ ቁጥር ይጻፍ። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም። እያንዳንዱ ገጽ ይፈረምበት። ረቂቁ መጨረሻ ላይ የመሸጋገሪያ አንቀጽ አስገቡ፤ ነባሩ ሥራ አስፈጻሚ ማሻሻያው እስኪመዘገብና ምርጫ እስኪደረግ ቢበዛ 90 ቀን ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ አዲስ ውል አይፈርምም፣ ንብረት አይሸጥም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አድካሚ ነው፤ ብዙዎች የሚሸነፉትም እዚህ ነው። ቃለ ጉባኤውና የተሻሻለው ደንብ ለመዝጋቢው ይቀርባሉ፤ መሥሪያ ቤቱ የተረጋገጠ ሰነድ ከፈለገ መጀመሪያ በሰነዶች ማረጋገጫ ይረጋገጣሉ። ምርጫው ካለፈ በኋላ ባንኩ የፈራሚ ለውጥ የሚቀበለው ከመዝጋቢው በሚጻፍ ደብዳቤ ነው፤ ያ ደብዳቤ ባንክ እስኪደርስ የድሮው ፊርማ ገንዘብ ሊያወጣ ይችላል። ርክክቡ በዝርዝር ይሁን፤ ማኅተም፣ የቼክ ደብተር፣ የአባላት መዝገብ፣ ስኪዎቹና መከላከያ ቆቦቹ፣ የኢሜይልና የዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኑ የምዝገባ ገጽ የይለፍ ቃል ጭምር። የይለፍ ቃል ያልተረከበ አመራር ስፖርተኛ ማስመዝገብ አይችልም።

በዚህ መካከል ፕሬዚዳንቱ ገንዘብ ሊያወጡ ወይም ንብረት ሊያሸሹ ነው ብላችሁ ማስረጃ ካላችሁ ክስ መሥርታችሁ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 የእግድ ትእዛዝ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ድሬዳዋ ላይ ችሎት ስላለው አዲስ አበባ መመላለስ አያስፈልግም። እግድ ጥርጣሬን አይሰማም፤ የባንክ መግለጫ ወይም የውል ቅጂ ይዛችሁ ቅረቡ።

ለጊዜው የሚጀምሩት ከአንድ ነገር ነው። ፕሬዚዳንቱ መሳቢያ ውስጥ ያለውን የደንብ ቅጂ አይመኑ፤ ሳይመዘገብ በእጅ የተሻሻለ ሊሆን ይችላል። ከመዝጋቢው ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ያውጡና የማሻሻያውን አንቀጽ ይመልከቱ፤ «ከጠቅላላው» ይላል ወይስ «ከተገኙት»?